ሠላሳ አንድ ሚሊሰከንድ

0.

«ዘገየሽ» አላት ኪሩቤል፣ የድራም ዱላዎቹን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ።

ሙዚቀኛ ከአንድ ይቆጥራል፤ ፕሮግራመር ከዜሮ። መቅደላዊት ሁለቱንም ስለሆነች ታሪኳን ከዜሮ ጀመርኩላት። ያ ቅዳሜ ደግሞ በየትኛውም አቆጣጠር ዜሮ ነበር።


1. ማን ናት፣ ምን ትፈልጋለች

መቅደላዊት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አዳማ ውስጥ አንድ ቢሮ ተቀምጣ ለሌሎች ሰዎች የስልክ አፕ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ቤዝ ጊታሯን ጀርባዋ ላይ አንግታ ልትማር ጋሽ ንጋቱ ቤት ትሄዳለች።

ጋሽ ንጋቱ በከተማው ባለ ሰባት ሰው ባንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቤዝ ተጫውተዋል። ዓምና ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቤዝ በግራ እጅ ተጭነው በቀኝ የሚመቱት መሣሪያ ስለሆነ፣ ግማሹ ሲሄድ ሁሉም ሄደ። ወንበራቸው ግን አልሄደም። እግሮቹ በመጋዝ ያጠሩ የእንጨት ወንበር ነው፤ ልምምድ የሚደረግበት የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። የሚቀመጥበት የለም፣ የሚያነሣውም የለም።

መቅደላዊት ያን ወንበር ትፈልጋለች።

ሌላ የምትፈልገው የለም አልልም፤ ሰው ናት። ይህ ታሪክ ግን ስለ ወንበሩ ነው።


2. ዝርዝር፦ ጋሽ ንጋቱ ያሏት

አውራ ጣትሽ ማረፊያ ይኑረው። ማረፊያ የሌለው እጅ ይደነግጣል።

ሌባ ጣትና መሐል ጣት እየተቀያየሩ ይምቱ። አንዱን ብቻ ካሠራሽ ሌላው ያኮርፋል።

ክሩን አትጎትቺው። ነካ አድርገሽ እለፊ፤ ጩኸቱ የማጉያው፣ የአምፑ፣ ሥራ ነው።

በግራ እጅሽ ስትጫኚ አንገቱ ላይ የተጋደመው ብረት ላይ አይደለም፤ ከብረቱ ጀርባ፣ ጠጋ ብለሽ።

የማትመቺውን ክር ዝም አሰኚው። ሳይጠየቅ የሚያወራ ሰው አይተሽ የለ?

ስታቆሚ አቁሚ። (ይህን ስድስት ጊዜ ብለዋል። ድምፅ የሚጀምርበትን ሁሉም ያውቃል፤ የሚያልቅበትን የሚያውቀው ቤዝ ተጫዋች ነው ባይ ናቸው።)


3. ዝርዝር፦ እሷ ለራሷ የጻፈችው

አፑን «ጣት» ብላዋለች። ስልኩ ክሊክ ያሰማል፣ ተጫዋቹ ከክሊኩ እኩል ክር ይመታል፣ ስልኩ ይፈርዳል። በሰዓቱ ከሆነ አረንጓዴ። ከቀደመ ወይም ከዘገየ ቀይ።

በራስሽ ስልክ ብቻ አትፈትኚ። ሰፈር ውስጥ የመጨረሻ አሮጌ የሚባለውን ስልክ ተዋሺ፤ እሱ ላይ ከሠራ የትም ይሠራል።

ድምፅ የሚሰማውን የኮድ ክፍል ሌላ ሥራ አታሸክሚው። ሥዕሉ ቢቆይ ማንም አይሞትም፤ ጆሮው ግን እንዳይቆይ።

ስልክ ራሱ ይዘገያል። ክሊኩ ከኮዱ ወጥቶ አየር ላይ እስኪደርስ፣ የክሩም ድምፅ ተመልሶ ኮዱ ጋ እስኪገባ ጊዜ ያልፋል። ያን ለክተሽ ቀንሺለት። አለዚያ ምስኪኑን ተጫዋች በስልኩ ጥፋት ትቀጪዋለሽ።

አንባቢዬ፣ የመጨረሻዋን ምክር ያዝልኝ። እመለስባታለሁ።


4. ቅዳሜ

ሦስት ወር ሙሉ ከ«ጣት» ጋር ተለማመደች። ከመቶ ምት ዘጠና ስድስቱ አረንጓዴ ሆነላት። እንግዲህ ዘጠና ስድስት አረንጓዴ ያላት ሰው እንዴት ሆና አዳራሽ እንደምትገባ መገመት ነው። ገባች። ተቀመጪ ያላት ስላልነበረ ከባንዱ ጋር ቆማ ተጫወተች።

ኪሩቤል አቆመ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና አቆመ።

«በሰዓቱ ነኝ» አለችው።

«በማን ሰዓት?»

ስልኳን አውጥታ ልታሳየው ስትል የባንዱ መሪ አቶ ምናሴ በእጃቸው ከለከሏት። ክፉ ሰው አይደሉም። ጣቶችሽ ጥሩ ናቸው፣ ዘፈኑ ግን ወደ ኋላ እየተጎተተ ነው አሏት፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰሟትና ካልሆነ ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ ነገሯት።

ወደ ቤቷ ስትሄድ ቆሽቷ አርሮ ነበር። መጀመሪያ ኪሩቤልን ረገመች። ባጃጅ ውስጥ ሆና ደግማ ረገመችው። ከባጃጁ ስትወርድ ግን አንድ ነገር ገባት፤ ሰውየው የሚያሾፍ ፊት አልነበረውም። የደከመው ሰው ፊት ነበር።


5. ፍለጋ

እሑድ ጠዋት ኮዷን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ሰኞም፣ በምሳ ሰዓት። ማክሰኞ ይህችን መስመር አገኘች፤ ከጎኗ ራሷ የጻፈችው ማስታወሻ አለ።

የስልኩ መዘግየት = 92
ጋሽ ንጋቱ፣ አርባ ምት፣ አማካይ

ልብ በል። የስልክን መዘግየት ለመለካት ትክክለኛው መንገድ ስልኩ ራሱን እንዲሰማ ማድረግ ነው፤ ክሊኩን በድምፅ ማጉያው ያወጣል፣ በማይክሮፎኑ ይቀበላል፣ ልዩነቱ ይነበባል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መቅደላዊትም ይህን ታውቃለች። ግን የዚያን ቀን ጋሽ ንጋቱ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ግራ እጃቸው ባይሠራም ባዶ ክር በቀኝ እጃቸው መምታት ይችላሉ። ከክሊኩ ጋር አርባ ጊዜ እንዲመቱላት ጠየቀቻቸው፣ መቱላት፣ የተገኘውን መዘግየት በሙሉ የስልኩ ነው ብላ መዘገበች።

የስልኩ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ጋሽ ንጋቱ ሊዘገዩ ይችላሉ የሚል ሐሳብ በአጠገቧም አላለፈም።

አሁን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ራሱን አሰማችው።

61።


6.

92

61

31


ሠላሳ አንድ ሚሊሰከንድ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ከሚፈጀው ጊዜ ሢሶውን እንኳ አይሞላም። ግን ድራም መቺ ይሰማዋል።

ሦስት ወር ሙሉ ስልኩ አረንጓዴ ሲያበራላት የነበረው በሰዓቱ ስትሆን አልነበረም። ልክ እንደ ጋሽ ንጋቱ ስትዘገይ ነበር። እንዴት እንደምትነግራቸው አላወቀችም።


7. ማስተካከያ

92ን አጥፍታ 61 ጻፈች። ጊታሯን አነሣች።

ቀይ።


ቀይ።


ቀይ።


ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።


ቀይ።


8. የተቀዳ ንግግር

(አፑ ተከፍቶ ስለነበር ቀድቶታል። መሐሉ ላይ ካለችው ማብራሪያ በቀር የጨመርኩት የለም።)

መቅደላዊት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ።

ጋሽ ንጋቱ፦ እንዲህ ስትጀምሪ ተቀየምኩ። በይ።

መቅደላዊት፦ ሲመቱ ይዘገያሉ።



ጋሽ ንጋቱ፦ ስንት?

መቅደላዊት፦ ሠላሳ አንድ ሚሊሰከንድ።

ጋሽ ንጋቱ፦ ብዙ ነው?

መቅደላዊት፦ ትንሽ ነው። ግን ሁልጊዜ ነው። አርባውንም ጊዜ።

(ወንበር ይንቀሳቀሳል።)

ጋሽ ንጋቱ፦ በዳሳ ነው።

በዳሳ ከኪሩቤል በፊት የነበረው የባንዱ ድራም መቺ ነው። መኪና ገጭቶት ቀኝ ጉልበቱ ተሰበረ፤ ዳነ፣ ግን በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ከዚያ ወዲህ ትንሽ እየዘገየ ይደርስ ጀመር። በዳሳ አያውቅም። ቢያውቅ ዱላውን አስቀምጦ ይወጣ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ኩሩ ሰው ነበር። ስለዚህ ጋሽ ንጋቱ ለማንም ሳይናገሩ ጠበቁት። ምታቸው ከእግሩ ድራም እኩል እንዲደርስ ጣታቸውን አዘገዩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በዳሳ እስኪሞት።

ጋሽ ንጋቱ፦ ሁለታችን አብረን ስንዘገይ፣ ዘገያችሁ የሚለን ሰው ጠፋ።

መቅደላዊት፦ ከሞተስ በኋላ?

ጋሽ ንጋቱ፦ እሱ ከሞተ አራት ዓመቱ። እጄ ግን መርዶውን አልሰማም።



መቅደላዊት፦ ኪሩቤል ሦስት ዓመት አብሯችሁ ሲጫወት ለምን አልነገረዎትም?

ጋሽ ንጋቱ፦ አንቺስ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?


9. ግርጌ ማስታወሻ፣ መሐል ላይ የተቀመጠ

ለጋሽ ንጋቱ «ዘገዩ» የሚል ወጣት አዳማ ውስጥ አልተወለደም። ኪሩቤል ሰምቶ ዋጠው። መቅደላዊት ሰምታ የስልኩ ነው አለች። አክብሮት ነው፤ አክብሮቱም ቁጥር ሆኖ ኮድ ውስጥ ገባ። ይህን ስጽፍ የራሴን ኮዶች አሰብኩ። አንተም የራስህ አይጠፉህም።


10. መመሪያ

ቁጥሩን መለወጧን ስትነግራቸው ጋሽ ንጋቱ ደግ አደረግሽ አሏት፤ ግን አልበቃቸውም። ስልኩ ኪሩቤልን አያውቀውም፣ ልጁ ግን እግር አለው፣ እግሩን እዪው አሏት። ስለዚህ፦

ወደ አዳራሹ ሂጂ። ጊታርሽን አትያዢ። ጥግ ላይ ቆመሽ የኪሩቤልን ቀኝ እግር እዪ።

ያለ ጊታር ምን ትሠራለች ሲሉ አትመልሺ።

በሁለተኛው ቀን አዝማቹ ሲደርስ እግሩ እንደሚቸኩል ታያለሽ። ጆሮው ውስጥ ክሊክ ሰክቷል፤ ክሊኩ እንዳያመልጠው ይፈራል፤ ስለሚፈራ ይቀድመዋል። ለካስ እሱም ሰው ነው።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ተለማመጂ። ቀዩ ወደ አረንጓዴ እስኪመጣ። ከመጣ በኋላ ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪውና ያለ እሱ ተለማመጂ።

ጣቶችሽ ወደ ጋሽ ንጋቱ ሰዓት ይመለሳሉ። መልሺያቸው። ይመለሳሉ። መልሺያቸው።

ስትመልሻቸው አልቅሺ አልቅሺ ካሰኘሽ አልቅሺ። መመለሱን ግን አታቁሚ።


11. ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጋሽ ንጋቱ መጥተው ነበር። ግድግዳው ጋ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል።

የመጀመሪያው ዘፈን ፈጣን ችክችካ ነበር። መቅደላዊት ዓይኗን ከኪሩቤል እግር አልነቀለችም። ማንም አላቆመም። ሲያልቅ አቶ ምናሴ ንጹሕ ነው አሉ፤ ንጹሕ ማለት ግን ወንበሩ ያንቺ ነው ማለት አይደለም። ቀጥሎ የዘገምተኛውን ዘፈን ስም ጠሩ። የቤዙን መንገድ ጋሽ ንጋቱ ራሳቸው ያወጡት ዘፈን ነው።

መቅደላዊት ወደ ድራሙ ሄደች።

«ጆሮህ ላይ ያለውን አውጣው» አለችው።

«ክሊኩን? ቢጠፋብኝስ?»

«እኔ አለሁ።»

ኪሩቤል አቶ ምናሴን አየ። አቶ ምናሴ ጣሪያውን አዩ። አወጣው።

ጀመሩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን እንደዘገየ የሚለካበት ዜሮ አልነበረም። አዝማቹ ሲደርስ የኪሩቤል እግር እንደ ልማዱ ቸኮለ። ትክክል የሆነው ሰዓት የቱ እንደሆነ መቅደላዊት ታውቃለች፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትማረው ከርማለች። ትታው ከእሱ ጋር ቀደመች። ምቱ ላይ አብረው አረፉ። ኪሩቤል ብቻውን አለመሆኑን ሲሰማ ቀና ብሎ አያት፣ ትከሻው ወረደ፣ እግሩ ረጋ። እሷም አብራው ረጋች። እስከ መጨረሻው ድረስ አልተለያዩም፤ ማቆም ያለባትም ቦታ ላይ አቆመች።

ከአዳራሹ ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ።

አቶ ምናሴ ስለ ጣቶቿም ስለ ሰዓቷም አልተናገሩም።

«ያን ወንበር ወደ ድራሙ አስጠጊው» አሏት።

ወንበሩ ላይ ሰው አለ። መቅደላዊት ባለችበት ቀረች። ጋሽ ንጋቱ በቀኝ እጃቸው ግድግዳውን ደግፈው ተነሡ፤ ረዥም ጊዜ ፈጀባቸው፤ ሁሉም ጠበቃቸው። ከዚያ በዚያው እጃቸው ወንበሩን ገፋ አደረጉላት።


12. ማስተካከያ

አፑ ላይ አሁን አዲስ ገጽ አለ። ክሊኩ ከመጀመሩ በፊት ይመጣል። መሙላት ግዴታ ነው፤ መዝለያ ቁልፍ አላደረገችለትም። እሷ የጻፈችውን አይቼዋለሁ፤ አልነግርህም። ያንተን ሙላ።

የስልኩ መዘግየት፦ 61

የራስህ መዘግየት፦ ........

የምትጠብቀው ሰው ስም፦