ሔዋን የማለች ቀን

ምላሴ ስል ነው፤ አማን ከተማ ውስጥ ያልተናከስኩት ነጋዴ የለም። ሥራዬ ቡና መግዛት ነው። ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን ተሸክሞ ሲመጣ ጆንያውን ሚዛን ላይ አንጠለጥልና ጉልበቴን ከሥሩ ሸጎጥ አደርጋለሁ፤ ክብደቱ ይቀንስልኛል። ሁሉም ያደርገዋል። ጽድቅ የፈለገ ገዳም ይግባ!

ማቴዎስ የሚባል የቤንች ገበሬ ቡና ያመጣ ዕለት የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ሔዋን አጠገቤ ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ በጉልበትሽ ደግፈሽዋል እኮ» አለች።

ደሜ ፈላ። ያጎረስኩት አፍ ሰው ፊት አዋረደኝ።

«እውነት ነው እትዬ ሰርካዲስ?» አለ ማቴዎስ።

«ቀጣፊ ናት! አንቺ፣ ማርያምን አላየሁም በይ!»

«ኧረ እትዬ፣ ልጅቱን አያስምሏት። በእኛ እምነት መሐላ የለም። ጆንያዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

«አንተ ዝም በል! በይ አልኩሽ!»

ሔዋን እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ማርያምን አላየሁም።»

ማቴዎስ ራሱን ነቅንቆ ጆንያውን አንሥቶ ሄደ። ለሔዋን ብስኩት ገዛሁላት፤ አልነካችውም።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ የጠላት ቤት ሆነ። ስጠራት «አቤት» ትላለች፣ ሳዛት ትታዘዛለች፣ ፊቴን ግን አታይም። እሑድ ለቅዳሴ ስቀሰቅሳት «አልቆርብም» አለች። ብጎትታት፣ ብራገም፣ ወይ ፍንክች!

በሳምንቱ የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው ሲጨርሱ ሔዋን «አባ፣ ንስሐ አለኝ» አለቻቸው። ክው አልኩ። የእኔም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው፤ ስሜን ካነሣችው በምን ዓይናቸው ያዩኛል? ጓዳ ገብተው ሲቀመጡ ከመጋረጃው ኋላ ተለጥፌ ቆምኩ። ነውር መሆኑ አልጠፋኝም።

«በእመቤታችን ስም በሐሰት ምያለሁ» አለች።

«ማን አስማለሽ፣ ልጄ?»

ወደ መጋረጃው ዞረች። አንገቴን ብሰግግ በመጋረጃው ክፍተት ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ለካ መቆሜን ታውቅ ኖሯል። እንዲያ ያለ ጥላቻ ከሰው ፊት አይቼ አላውቅም።

«ማንም አላስማለኝም» አለች፤ እንድሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አባ ስግደት አዘዙላት። ልጄ እዚያው ንስሐዋ ላይ ዋሸች፤ እኔ እናቷ መጋረጃውን ጨብጬ «ተመስገን» አልኩ።