ያደረው ባልዲ

«እኔ የያዝኩት ዓሣ እንኳን ሊሞት አያስነጥሰውም!» ብላ ነበር ልጅቷ ለጓደኛዋ በስልክ የጎረረችው። አክስቷ በሩን ቆልፋባት ስትሄድ፣ «ዓሣዎቼን ደህና ካገኘኋቸው ትወጫለሽ» ብላታለች።

ልጅት ለመውጣት ቸኩላ የዓሣዎቹን የመስታወት ገንዳ ውሃ ሙልጭ አድርጋ ደፋችና ከቧንቧ ሞላችላቸው። በባልዲ ያደረውን ውሃማ «ይሄ የቆየ ነው» ብላ ወለል ወለወለችበት። ብዙም ሳይቆይ ዓሣዎቹ ላይ ላዩን እየዋኙ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። በሩ ቁልፍ፣ መስኮቱ ብረት፤ ማንን ትጥራ? እሷም እንደነሱ አፏን ከፍታ የመስኮቱ መስታወት ላይ ተለጥፋ ቀረች።

አክስቷ ገባች።

«አክስቴ፣ ውሃው እንዴት እንደጠራ እዪልኝ!»

አክስት ባዶውን ባልዲ አይታ፣ ከቆለፈችው መኝታ ቤቷ ሌላ ያደረ ውሃ የሞላ ባልዲ እየጎተተች አመጣች።

«አድሮ ክሎሩ የወጣለትን ውሃ ለወለል፣ ክሎር ያለበትን የቧንቧ ውሃ ለዓሣ! እኔስ ይሄንን የደበቅኩት አንቺን ስለማውቅሽ አይደል? በይ ቁጭ በይ፤ የት ትሄጃለሽ!»