የአስካለማርያም ድንኳን

እናቴ አስካለማርያም ያረፈችው በየካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔን ግን ከእሷ ሞት ይልቅ ያስጨነቀኝ አባቴ ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። አባቴ ቀናው ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣ በኋላ አእምሮው እየከዳው ሄዶ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ስሜን አያውቅም። አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት እንኳ «እመቤቴ» እያለ እንደ ቤት አከራይ ያከብራት ነበር።

ለእንዲህ ያለ ሰው ሚስትህ ሞተች ይባላል? ቢባልስ ይገባዋል? ባሏ ሳያለቅስላት ልትቀበር ነው እያልኩ አንጀቴ አረረ። የአቃቂ ለቀስተኛ ደግሞ ለእንባው እንጂ ለአፉ አይሰስትም፤ እንዳይሳቅበት ብዬ አባቴን ጓዳ አስገብቼ፣ ዳቦና ሻይ ሰጥቼ ቆለፍኩበት።

ግቢው ውስጥ የእድሩ ልጆች ድንኳን ሊተክሉ ከነፋሱ ጋር ይታገሉ ነበር። አለቃቸው ጀቤሳ ካስማ መምታት እንደጀመረ አባቴ የጓዳውን በር ይደበድብ ጀመር። ሊሰብረው ሲደርስ ከፈትኩለት። ዞር ብሎም አላየኝም፤ መዶሻው ወደሚጮህበት ሄደ።

ባቡሩን ሲያገለግል በትርፍ ሰዓቱ ሠላሳ ዓመት ለዚያ እድር ድንኳን የተከለ ሰው ነው። አፈር ዘግኖ በተነና አቧራው የሚሄድበትን አየ።

«በሩን ወደ ሐዲዱ አዙሩት፤ ነፋሱ ከጀርባ ይምጣ» አለ። «ካስማውን አዘንብላችሁ ምቱ። ቀጥ ካለ ይነቀላል።»

ጀቤሳ መዶሻውን አቀበለው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሚካኤል ግን ሮጠው መጡና ክንዱን ያዙት።

«ጋሽ ቀናው፣ ነውር ነው። የራስዎን ሐዘን ድንኳን ራስዎ አይተክሉም። ይቀመጡ።»

«ሐዘንተኞቹ ፀሐይ ላይ ቆመው እኔ ልቀመጥ?» አላቸው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም።

«ተዉት፣ ይሥራ» አልኩ።

የጫማውን ግራና ቀኝ የማይለየው አባቴ ገመዱን ሳያይ ይቋጥረው ጀመር። ሻይ ሲጠጣ የሚንቀጠቀጠው እጁ ጸጥ አለ። «ሳብ፣ ላላ አድርግ፣ ያዝ» ሲል ስድስት ጎረምሳ ይታዘዘዋል። ምሰሶው ሲነሣ ሸራው ተወጠረና ነፋሱ ዝም አለ። ገላዬን ውርር አደረገኝ። ታቦት ሲወጣ ካልሆነ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ሕፃን ያጎረስኩት፣ ዛሬም የቆለፍኩበት ይህን ሰው ነው?

ለቀስተኛው ጥላው ስር ገብቶ ሲቀመጥ አባቴ ገመዶቹን አንድ በአንድ በእጁ እየዳሰሰ ዞረ። ከዚያ ላቡን ጠርጎ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ጥቁር ልብሴን አየ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

«እናቴ ናት።»

«ደግ ነበረች?»

«በጣም ደግ ነበረች።»

ራሱን ነቀነቀ። እንባው በጉንጩ ወረደ። ማን እንደሆነች ሳያውቅ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ባል አለቀሰላት። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ቆይቶ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«አባትስ አለሽ?» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት።