መጀመሪያ ስህተትሽን

ባለቤቴ እራት ላይ አንድ ሕግ ነበረው፤ ከሁሉ በፊት የዕለቱ ስህተት ይወራል፣ ምርጡን ስህተት የሠራ ሰው የዳቦውን ጥግ ይበላል። እሱ ካረፈ በኋላም ሕጉን አልሻርነውም።

ልጃችን የምትመኘው የምህንድስና ኮሌጅ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራት የመግቢያ ፈተና ውጤቷ ከተጠሩት ሁሉ ያነሰ ነበር። ተስፋ እንዳትቆርጥብኝ ፈርቼ ነበር። በቃለ መጠይቁ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ እራት አቅርቤ ስጠብቃት፣ እየከነፈች ገባች።

"እማዬ፣ ተቀበሉኝ!"

"እልል! በዚያ ውጤት?"

"እሱን አይተው 'ምን ነካሽ?' አሉኝ። የሳትኩትን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፌ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አስረዳኋቸው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ሲደረድርላቸው ነው የዋለው። 'ውጤቱ ያላሳየንን አሳየሽን' አሉኝ።"

"ጎሽ የኔ ልጅ! የዛሬው ስህተትሽስ?"

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "አስረድቼ ስጨርስ የጠያቂዎቹን ሰብሳቢ፣ ያንን ኮስታራ ሽማግሌ፣ እራት ላይ አባዬን እንደምለው 'ገባህ አባዬ?' አልኩት።"

"ውይ ጉዴ! እሱስ?"

"'ገብቶኛል ልጄ' አለኝ።"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የዳቦው ጥግ ያለ ክርክር የእሷ ሆነ። እኔ ተጨማሪ ዳቦ ላምጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ዳቦ ሞልቶ ነበር።