ሰበብ የተባለች ድመት

በእኛ ላውንደሪ አንሶላ ሲጠፋ፣ መጋረጃ ሲያጥር፣ ሸሚዝ ሲቃጠል ሁሉም ሥራውን ጥሎ ወደ እኔ ይመጣል። ማሽን መጠገን ስለምችል አይደለም። እኔ የምችለው እንግሊዝኛ ነው፤ እሱንም ለሪፖርት የሚበቃውን ያህል። የድርጅቱ ዋና ቢሮ ሩቅ ነው፤ የምናጥብላቸው ሆቴሎች ቅሬታ ባቀረቡ ቁጥር ምን እንደ ሆነና ለምን እንደ ሆነ በዚያው ቀን በእንግሊዝኛ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። በዚህ የተነሳ ስሜ ተረስቶ «እንግሊዝ» ሆኜ ቀርቻለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ነበር የምጽፈው። ሾፌራችን እንቅልፍ ጥሎት ፎጣ ያዘገየ ቀን፣ ሾፌሩ ስለ ተኛ ፎጣው ዘገየ ብዬ ላክሁ። ለእሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣለት፣ ለእኔ ደግሞ ኩርፊያ። ሰላም ስለው የመኪናውን መስኮት ይዘጋብኝ ነበር። ያኔ ነው እንግሊዝኛ ሲጻፍ ያለውን ጸጋ ልብ ያልኩት። በእኛ ቋንቋ አንድ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማነው?» ነው። በእነሱ ሪፖርት ግን ሰው የሚባል ፍጡር የለም። አንዱ ነገር ወደ ሌላው «ሌድ» ያደርጋል፤ እጁን ይዞ ይወስደዋል እንደ ማለት ነው። ያኛው ደግሞ ሌላ ነገር ላይ «ሪዛልት» ያደርጋል፣ መጨረሻው ያ ይሆናል፤ ያም ተራውን ጠብቆ ሌላውን «ብሪንግ አባውት» ያደርገዋል፣ ይወልደዋል። ነገር ነገርን እየወለደ ሲሄድ ማንም አይከሰስም። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ሰው ከስሼ አላውቅም።

ታዲያ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ሰንሰለቱ አንድ ሥር ያስፈልገዋል። ሥሩን የሰጠችን እዚሁ የምትውለው ድመት ናት። ማጠቢያውን የሚይዙት እትዬ ሳሙና የሆቴል መጋረጃ በፈላ ውሃ አጥበው፣ የልጅ ቀሚስ አሳክለው ያወጡት ቀን፣ ከመጋረጃው ብሰው ተኮማትረው ፊቴ ቆሙ። ምን ልጻፍ ብዬ ዞር ስል ድመቷ ማሽኑ ላይ ተጋድማለች። ጻፍኩ፦ የአንዲት ድመት በሥፍራው መገኘት ወደ ሐሳብ መበታተን አመራ፣ ይህም የተሳሳተ ሙቀት መመረጥን አስከተለ፣ ይህም መጋረጃው እንዲያጥር ምክንያት ሆነ። ዋናው ቢሮ «ተመልክተነዋል» ብሎ መለሰ፤ ሌላ ምንም የለም። እትዬ ሳሙና ግንባሬን ሳሙኝ፤ ድመቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰበብ ተባለች።

ቆየት ሲል ነገሩ ሥርዓት ወጣለት። አንድ ነገር ሲበላሽ አንሶላ የምናጥፍበት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰባለን፤ ሰበብ እንዴት እንዳበላሸችው እያንዳንዱ ሐሳብ ያቀርባል። ዳኛው አጎቴ ነው። ሰዉ ሁሉ ጋሽ ካውያ ይለዋል፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። ተኳሽ ነው፤ የሸሚዝ ኮሌታ በእጁ ካለፈ ወር ሙሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ድመቷ የእሱ ስለሆነች የማይሆን ነገር እንዲለጠፍባት አይፈቅድም። አደረገች ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይህንን ድመት ታደርገዋለች?»

አንድ ጊዜ ሾፌሩ የመኪናው ጎማ የተነፈሰው በእሷ ነው ብሎ ነበር።

«ጎማ?» አለ አጎቴ ካውያውን አቁሞ። «በምኗ? ይሄ ስም ማጥፋት ነው። ቁልፌን ከጠረጴዛ ላይ ጥላው ስፈልግ ዘገየሁ በል፤ እሱን ታደርገዋለች።»

ሾፌሩ አመስግኖ ተቀበለ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን የአጎቴ ሚስት ከሞተች በኋላ ካፉ ቃል አይወጣም ነበር። ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ይሄዳል። ድመቷ በጓሮ በር ገብታ የተኮሰው አንሶላ ላይ የተኛች ዕለት ነው ከስንት ጊዜ በኋላ «ውረጂ» ሲል የሰማነው። ቀጥሎ ከእሷ ጋር ማውራት ጀመረ፤ ቀጥሎ ስለ እሷ ከእኛ ጋር መከራከር። ድመቷ ወደ ጠረጴዛው መራችው፣ ጠረጴዛው ደግሞ ወደ ሳቅ። በሕይወቴ የጻፍኩት ሪፖርት ሁሉ ተደምሮ ይህንን አያህልም፤ ዋናው ቢሮ ግን የሚፈልገው የተበላሸውን ብቻ ነው።

ችግሩ ዋናው ቢሮ ማንበብም ይችላል። አንድ ማለዳ ደብዳቤ መጣ፦ ያለፉት ጉዳቶች በሙሉ ከአንድ ምንጭ የመነጩ ስለሆነ ምንጩ በአስቸኳይ ይወገድ፤ መወገዱንም ተቆጣጣሪ መጥቶ በፊርማው ያረጋግጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ለአጎቴ ስተረጉምለት የካውያውን ገመድ ነቀለ።

«እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ እንደሱ አትበል።»

«ያልሠራችውን ስትሸከምልን ኖራ እሷ ትባረር፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ልተኩስ?»

አጎቴ አንሶላ እንጂ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ቤት ከዋለ ተመልሶ ዝም እንደሚል እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። በገዛ ጣቴ በጻፍኩት ነገር አጎቴን ላጣው ነው።

ተቆጣጣሪው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ የዋናው ቢሮ ዓርማ ያለበት ወፍራም ሰማያዊ ብዕር ሰክቶ መጣ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ፈገግታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በየመደርደሪያው ላይ ጣቱን እያሳለፈ አቧራ ፈለገ። የጠረጴዛ ልብስ የተከመረበት ጋሪ ላይ እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ የሆቴሉን መለያ አነበበና «እጠቡት» ብሎ አለፈ። እትዬ ሳሙና ጋሪውን እንዳለ ወደ ማሽኑ ገለበጡት።

«ድመቷስ?» አለኝ ዞሮ።

አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ሰበብን ክዳን ያለው የልብስ ቅርጫት ውስጥ ከትቶ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። የሥራ ሽርጡን አውልቆ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

«እዚህ ናት» አለ። «እኔም አብሬያት ነኝ።»

«እርስዎ ደግሞ የት ይሄዳሉ?»

«ቤቴ።»

«ለአንዲት ድመት ብለው ሥራ ይለቃሉ?»

«ለአንዲት ድመት ብሎ ደብዳቤ የጻፈ አለ፤ እኔ ብለቅ ምን ይገርማል።»

ተቆጣጣሪው ይህንን እንዳልሰማ ሆኖ፣ ድመቷ ተወግዳለች የሚለውን ወረቀት እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ናት፤ እንደዚያች የከበደችኝ ግን የለችም። አትሜ ፊቱ አስቀመጥኩ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ ብዕሩ የለም። የሱሪውን ኪስ ዳበሰ፣ ቦርሳውን በረበረ። የእኔን ልስጥዎ ስለው፣ ዓርማ ባለው ብዕር ካልሆነ ፈርሞ እንደማያውቅ ነገረኝ።

በዚህ መሐል ማሽኑ መጨረሱን አሰማ። እትዬ ሳሙና በሩን ከፈቱ። ከዚያ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አንድ ባንድ እያወጡ ገመድ ላይ ሰቀሉት፤ ሁሉም ሰማያዊ ፈሶበታል። መጨረሻ ላይ ብዕሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው አወጡት። ክዳኑ ወልቋል፤ ዓርማው ግን ታጥቦ ጠርቷል።

«እንግሊዝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ለዛሬ ግብዣ የታዘዘ ነው። ሆቴሉ አሁን ይደውላል።»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ምን እንደ ሆነ ጻፍኩ። ለምን እንደ ሆነ የሚለው ላይ ስደርስ እጄን አሳርፌ ተቆጣጣሪውን አየሁት።

«ባዕድ ነገር ወደ ማሽኑ መግባቱ ወደ እድፍ አመራ በይ» አለ።

«ባዕዱ ነገር በምን ገባ ይሉኛል። ሥሩን ካላገኙ አይተኙም፤ እርስዎ ያውቋቸዋል።»

«አውቃቸዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «አለቃዬ ሰውን የሚያስጠነቅቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔን ባለፈው ወር አስጠንቅቆኛል።»

ይህን ካለ በኋላ ዓይኑ ቀስ ብሎ ቅርጫቱ ላይ አረፈ። ከውስጥ ሰበብ ሚያው አለች።

«ምናልባት ድመቷ…» አለ።

«አይሆንም» አለ አጎቴ። «እርስዎ ሳይመጡ ጀምሮ እላይዋ ተቀምጫለሁ። ከዚህ ሆና ብዕር ከኪስ? ይህንን ድመት ታደርገዋለች?»

ሰውየው በገዛ እግሩ መጥቶልን አጎቴ ፍትሕ ያስከብራል። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን ያዘ። አጎቴ ግን ዳኛ ነውና አገጩን እያሸ አሰበበት።

«የታቀፈች እንደ ሆነ ግን» አለ በመጨረሻ፣ «ልትችል ትችላለች። መታየት አለበት።»

እትዬ ሳሙና ሁለት ጊዜ ሳይባሉ ብዕሩን አድርቀው ተቆጣጣሪው ኪስ ውስጥ ሰኩት። አጎቴ ክዳኑን ከፍቶ ሰበብን አቀፈና ለሰውየው አቀበለው። ሰውየው ድመት ይዞ አያውቅም መሰለኝ፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት ክንዱ ታቀፋት። ሰበብ ሸሚዙን አሸተተች፣ አገጩን አየችው፣ ከዚያ እጇን ሰድዳ ብዕሩን ከኪሱ ጎትታ ወለል ላይ ጣለችው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

«ታደርገዋለች» አለ አጎቴ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ።

ጻፍኩ፦ በምርመራ ወቅት የድመቷና የተቆጣጣሪው መቀራረብ ወደ ብዕር መውደቅ አመራ፣ ይህም እድፉን አስከተለ። ተቆጣጣሪው ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ አነበበና ተነፈሰ።

«ያኛውን ወረቀትስ?» አልኩት። «ተወግዳለች የሚለውን?»

«ተወግዳ ነው ዛሬ ይህንን ያደረገችው? ቅደጂው።» ትንሽ አሰበ። «መወገዷ የአይጥ መብዛትን ሊያስከትል ስለሚችል በክትትል ሥር ትቆይ ብለሽ ጻፊ፣ እፈርማለሁ።»

በእኔ ብዕር ፈረመ። ቋንቋው ቶሎ ነው የገባው።

ለመሄድ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰበብ አሁንም ክንዱ ላይ ናት፤ ነጩ ሸሚዝ በፀጉር ተሸፍኗል።

«ለመሆኑ ትወልዳለች?» ብሎ አጎቴን ጠየቀው።

«ለምን ፈለጉት?»

«ስትወልድ አንድ ግልገል አስቀምጡልኝ። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ የተበላሸው ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚያልቀው።»

አጎቴ የታጠፈውን ሽርጥ ከጠረጴዛው አንስቶ ዘርግቶ ወገቡ ላይ አሰረ፣ የካውያውንም ገመድ ሰካ።

«እንዲህ ሆነው አይሄዱም» አለ። «ሸሚዝዎን ያውልቁ፣ ፀጉሩን አራግፌ ልተኩስልዎ። እስከዚያ እሷን ይያዙልኝ።»