ከእራፊ የተሠራ ፊት

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ፎቶ አዳሿ በአንድ ሟች ግንባር ላይ ፀጉር ታበቅል ነበር።

"ትንሽ ጨምሪለት" አሉ የሟቹ ባለቤት፣ ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ።

"እማማ፣ ሲሞቱ ይኼን ያህል ፀጉር ነበራቸው እንዴ?"

"ሲያገባኝ ነበረው። ራሰ በራነቱን ሠላሳ ዓመት ችዬዋለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ደግሞ ምን በወጣኝ!"

ፎቶ አዳሿ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረና ማቆሚያ አጣ።

"ዓይን ያየው" የሚባለው ቡድን ነበር። ሠላሳ ሺህ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በማይታወቁ ስሞች ተሸፍነው፣ የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ በየስልካቸው ላይ ይመረምሩበታል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግን ስለ አንዲት የነርስነት ተማሪ እንጂ ስለ ሌላ አላወሩም። ልጅቷ ከትምህርት ወጥታ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስትሄድ የአንድ ዳቦ ቤት ካሜራ ቀርጿታል፤ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዋ፣ የሹራቡን ኮፍያ የደፋ አንድ ሰው ይሄድ ነበር። ፊቱ በቪዲዮው ላይ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ የደበዘዘች ግራጫ ነጠብጣብ ናት።

ያቺን ነጠብጣብ ፊት ያደረገቻት ፎቶ አዳሿ ነበረች። ቡድኑ እውነተኛ ስሟን አያውቅም። አንድ ጊዜ የደበዘዘ የመኪና ሰሌዳ አንብባ የተሰረቀ መኪና ስላስገኘች "ማጉያ" ይሏታል። የኮፍያውን ሰው ፊት ባለፈው ቅዳሜ ሠርታ በለጠፈችበት ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ሰው አመስግኗታል።

አሁን የቡድኑ መሪ፣ "አለቃ" የሚሉት፣ በትልልቁ ጽፎ ነበር፦

"አገኘነው! የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። የልጅቷን ሰፈር በየወሩ በር እያንኳኳ ይዞራል። አገጩን እዩ! ጠባሳውን እዩ!"

ከሥሩ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ፎቶ አለ። ከጎኑ የእሷ ሥራ። አገጭ ለአገጭ፣ ጠባሳ ለጠባሳ።

"ቆይ፣ የሰውየው ጠባሳ በግራ ነው። የማጉያ ሥዕል ላይ በቀኝ ነው" ብሎ አንድ ሰው ጻፈ።

"ካሜራው ገልብጦት ነዋ፣ ወንድሜ። ቤትህ መስታወት የለም እንዴ?" አለው ሌላው። አርባ ሰው ሳቀለት።

ፎቶ አዳሿ ግን አልሳቀችም። የሰውየውን ፎቶ አጉልታ አገጩን አየች።

የሱቁ ባለቤት አጎቷ ነው፤ ሥራውንም ያስተማራት እሱ ነው። ሰዎች ምስጥ የበላው፣ ውኃ ያበላሸው፣ ለሁለት የተቀደደ የሟች ፎቶ ያመጣሉ። ግማሽ ፊት የሌለው ሲመጣ አጎቷ የሚያደርገውን ታውቃለች። "ልብስ ሰፊ ሱሪ ሲቀደድበት ምን ያደርጋል?" ይላል ዘወትር፣ "ከኪሱ ውስጥ ቆርጦ ይጥፋል። እኛስ ከማን እናንሳለን?" ስለዚህ ለመታወቂያ ፎቶ ከተነሡ ደንበኞች የተቆረጡ አገጮች፣ ጆሮዎችና ቅንድቦች "እራፊ" በሚል ፋይል ውስጥ ተጠራቅመው ተቀምጠዋል። የጎደለው ከዚያ ይሞላል። ዘመድ መጥቶ ያይና ያለቅሳል፤ "ራሱ ነው! እሱ ራሱ!" ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ "ይህ አገጭ የማን ነው?" ብሎ ፎቶ የመለሰ ደንበኛ የለም።

እራፊውን ከፈተች። ከመቶ የሚበልጡ አገጮች ተደርድረው አዩአት። በሦስተኛው ረድፍ ላይ አገኘችው፤ ባለፈው ዓመት ለሥራ መታወቂያ የተነሣ፣ ከከንፈሩ በታች በግራ በኩል ጠባሳ ያለበት ሰው። ዳቦ ቤቱ ጋ ብርሃኑ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣ ስለነበር ገልብጣ ለጥፋው ነበር። ጠባሳውን ማጥፋት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። አላጠፋችውም። ያለ እሱ ፊቱ አሻንጉሊት መሰላት፤ ከነጠባሳው ሲሆን ነፍስ ዘራ። በጣም ስላማረላት ነበር የተወችው።

ስልኩን አንሥታ ጻፈች፦ "ምስሉ ግምት ነው። እባካችሁ እንረጋጋ።"

"ማጉያዬ፣ ትሕትናሽን ለሠርግሽ አቆዪው!" አላት አንዱ።

"አንቺ ባትኖሪ ፖሊስ ገና ወረቀት ያገላብጥ ነበር" አላት ሌላዋ። ልቦች ዘነቡላት።

"አገጩ የእሱ አይደለም" ብላ ጻፈች። አየችው። ሳትልከው አጠፋችው። በትምህርት ቤት፣ በቤተሰብ፣ በዚህ ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድም ሰው እንደዚያ አመስግኗት አያውቅም።

"ልጄ፣ ፀጉሩስ?" አሉ ባልቴቷ።

የሟቹን ፀጉር ጨረሰች። አትማ፣ ፍሬም ውስጥ አግብታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። አርባ ደቂቃ ፈጀባት።

አምስት ሰዓት ሲሆን ቪዲዮው መጣ። ጠባብ መንገድ ነው። ሰማያዊ ልብስ የለበሰው ሰው ጀርባውን ለግንብ ሰጥቶ፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ በሁለት እጁ ፊቱ ፊት ይዞ ለሰዎቹ ያሳያል። መታወቂያው ላይ ያለው እሷ ያነሣችው ፎቶ ነው። "ቆጣሪ ላነብ ነው የመጣሁት! የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ እባካችሁ!" ይላል። ሊሮጥ ሞከረ። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ አይታይም።

"ሆስፒታል ገብቷል፤ አልነቃም" ተብሎ ከሥሩ ተጽፏል።

"ንጹሕ ከሆነ ለምን ሮጠ?"

"አሥር ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር እንገናኝ። ሲነቃ እኛን ይይ።"

አጎቷ ሁሉንም ከሰማ በኋላ የሱቁን በር ዘጋና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"የሱቁን ስም ጠርተሻል?"

"አልጠራሁም።"

"እንግዲያው ማንም አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"አንቺ ብቻ ነሽ ታዲያ። እሱ ይቻላል።" እንዲህ ሲል ዓይኗን አላየም። "ስሚ፣ እኔ ፊት ስጠግን የኖርኩት ለሙታን ነው። ሟች ተሳስታችኋል አይልም። አንቺ ምን አስኬደሽ ወደ ሕያው?"

"ያስተማርከኝን ነው የሠራሁት።"

አጎቷ ዞሮ የተዘጋውን በር አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ፋይሉን አጥፊው። እናትሽ እኔ ጋ ስትተውሽ አደራ ብላኛለች። የጠፋችው ልጅ አባት እኮ ጠዋት ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበሩ። ያንን ሥዕል ሦስት መቶ አስባዝተው ወጡ። ብትናገሪ ማን ያምንሻል?"

ፋይሉን አላጠፋችውም። የካሜራውን ነጠብጣብ፣ የተቆረጠውን አገጭና የተለጠፈውን ፊት ጎን ለጎን አድርጋ፣ በእውነተኛ ስሟ ቡድኑ ላይ ለጠፈች። ከሥሩ፦ "ይህ ፊት የእኔ ፈጠራ ነው። ሰውየው ንጹሕ ነው። ሥዕሉን አጥፉት።"

ሁለት ደቂቃ አልቆየም። አለቃ አጠፋው፤ ለብቻዋም ጻፈላት፦ "አባትየው ሥዕሉን ሲያዩ ምን ያህል እንዳለቀሱ አላየሽም። ከእሳቸው ልትነጥቂ ነው? አርፈሽ ተቀመጪ።" ቀጥሎ የቡድኑ በር ተዘጋባት። ከውጭ ሆና ማንበብ እንኳ አልቻለችም።

ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጣ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልትሄድ ተነሣች። ፖሊስ ቃሏን ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ሰው እስኪልክ ግን አሥር ሰዓት ያልፋል። እነዚያ ሰዎች የማንንም ቃል ቢሰሙ የሚሰሙት የአንድ ሰው ነው።

አባትየውን ያገኘቻቸው ልጃቸው ልትሳፈርበት በነበረው ፌርማታ ነው። አናጢ ናቸው፤ እጃቸው ሰፊ ነው፣ ጥፍሮቻቸው በሙጫ ነጥተዋል። እግራቸው ሥር ባልዲ አለ። ብብታቸው ውስጥ የወረቀት ጥቅል።

"ደህና ዋሉ፣ አባባ።"

"ደህና ዋልሽ፣ ልጄ። እስቲ ጫፉን ያዢልኝ፤ ነፋሱ አስቸገረኝ።"

ያዘችላቸው። በብሩሹ ሁለት ጊዜ ላይና ታች አሉ፤ የሠራችው ፊት ከግድግዳው ላይ አያት።

"ጎበዝ። የሷ ጓደኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ይህን ሥዕል የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። ሙጫ ባለበት እጃቸው እጇን ያዙና ደረታቸው ላይ አደረጉት።

"አንቺ ነሽ? እኔ አፈር ልብላልሽ! አንድ ሳምንት ሙሉ የምረግመው ፊት አጥቼ አየር ስረግም ነበር። አንቺ ፊት ሰጠሽኝ።"

"አባባ፣ እንደሱ አይበሉኝ። ፊቱ ውሸት ነው።"

"እንዴት ውሸት?"

ነገረቻቸው። እጇን አልለቀቁም፤ እጃቸው ግን እየላላ ሄደ። አናጢ ናቸውና ስለ መጣፍ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

"አገጩ የዚያ የቆጣሪው ሰውዬ ነው?"

"አዎ። ከኛ ሱቅ ከተነሣው ፎቶ ቆርጬ።"

"ዓይኑስ?"

"የሌላ ሰው።"

"አፍንጫው?"

"እኔ ሣልኩት።"

"ከልጄ ኋላ የሄደው ሰውስ ምኑ አለ እዚህ ላይ?"

"ኮፍያው ብቻ።"

አባትየው ዞረው ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ወረቀቱ ገና አልደረቀም፤ ከታችኛው ጫፍ ሙጫ ይንጠባጠባል።

"ኮፍያ ይዤ ምን ላድርግ?" አሉ በመጨረሻ። "ሰው ኮፍያ ይፈልጋል? መንገዱ ሁሉ ኮፍያ አይደለም እንዴ?"

"ሰውየው አልነቃም፣ አባባ። ልጆች አሉት። አሥር ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ሊሰበሰቡ ነው። እኔን አባረሩኝ። እርስዎን ግን ይሰማሉ፤ ልጅቷ የእርስዎ ናት።"

"ናት" አሉ አባትየው። "ናት አልሽ። ጥሩ አልሽ።"

ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብለው ብሩሹን ከባልዲው አወጡት። ፎቶ አዳሿ ሌላ ወረቀት ሊለጥፉ መሆኑን ባየች ጊዜ ወደ ግድግዳው ቀደመቻቸው። ጥፍሯን በእርጥቡ ወረቀት ጫፍ ሥር አስገብታ ሳበች። አገጩ ከነጠባሳው ተቀደደ፤ ግማሹ ግድግዳው ላይ ቀረ። እሱንም ፋቀችው። ፌርማታው ላይ የቆመች ሴት "አንቺ! ምን ዓይነቷ ጨካኝ ነሽ!" ብላ ጮኸች፤ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፊቷን ይቀርጽ ጀመር። አልተሸፈነችም።

ወደ አባትየው ዞራ ሙጫ የተለጠፈበትን እጇን ዘረጋች።

"የቀሩትን ይስጡኝ፣ አባባ። ከዚያ አብረን እንሂድ፤ መጀመሪያ ሆስፒታሉ በር፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጋ። ለብቻዬ አያምኑኝም።"

አባትየው ጥቅሉን ከብብታቸው አውጥተው በሁለት ክንዳቸው ደረታቸው ላይ አቀፉት። አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። የሚወርዱትን አንድ በአንድ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ድረስ ፊት ፊታቸውን አዩ። በሩ ተዘጋ።

"አባባ" አለች እጇን ሳታጥፍ፣ "ይስጡኝ።"

አውቶቡሱ ሄደ። አባትየው ጥቅሉን እንዳቀፉ የሄደበትን ያያሉ።