የልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ መስመር

በቴሌቪዥን ድራማችን ውስጥ ሁለት ልብስ ሰፊዎች አሉ። ሱቃቸው ፊት ለፊት ነው፤ ደንበኛ ይነጣጠቃሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ግን ሞተው ቢገኙ መዋደዳቸውን አያምኑም። የሴትየዋን ንግግር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሰውየውን አብሮኝ የሚጽፈው እሱ። አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይመላለሳል፤ እሱ አንድ መስመር፣ እኔ አንድ መስመር። ሕጋችን ግልጽ ነው፦ አንዱ በሌላው አፍ አይናገርም፤ መልስ ያጣ ተሸነፈ። በሰላሳ ስምንት ክፍል መልስ አጥቼ አላውቅም።

እሱ ድርሰት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የተማረው። እኔ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ደጃፍ ቆሜ፣ «ትገዢያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» እየተባልኩ። ስለዚህ «ዲግሪው» እለዋለሁ። እሱ «ፕሮፌሰሯ» ይለኛል። በክፋት አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነው። ዲግሪው ሰኞ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጣቢያ ሥራ ይጀምራል። ይህንንም የነገሩኝ እሱ ሳይሆን ጽሑፋችንን የሚተይቡልን እትዬ ናቸው።

መስመሩን ጽፎ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ፦ «ሱቄን ዘግቼ መሄዴ ነው። የምትይው አለ?»

ስምንት መልስ መጣልኝ፤ ሁሉም ስለታም፣ ሁሉም ውሸት። ጣቱን የእስክሪብቶ ቀለም ነክቶታል። ሁልጊዜ የሚያብሰው በኔ ማስታወሻ ደብተር ጠርዝ ነበር። ከሰኞ በኋላ በማን ይሆን?

መስመሬን ባዶ አድርጌ መለስኩለት።

«ፕሮፌሰሯ ተሸነፈች?»

«ልብስ ሰፊዋ ናት እንጂ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ልጆች፣ ተዋናዮቹ ተኳኩለው ጨርሰዋል!» አሉ እትዬ። «ባዶ ወረቀት ልተይብ እንዴ?»

አጎንብሶ ጻፈ። ሲመልስልኝ፣ የኔ መስመር በእሱ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፦ «አትሂድ።»

ደሜ ፈላ። «በሷ አፍ እንድትናገር ማን ፈቀደልህ?»

«አንቺማ መቼም አትጽፊውም።»

«የማልጽፈውን በየትኛው ዲግሪህ አወቅከው?»

«ከተሳሳትኩ ሰርዢው።»

ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። እትዬ በረጅሙ ተነፈሱ። እሱ ቦርሳውን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ።

ከተሰረዘው ሥር፣ ትምህርት ቤት ባልገራው ጠማማ ፊደሌ ጻፍኩ፦ «አትሂድ።»

ገፋሁለት። አነበበው። እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። መልስ ሲያጣ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቦርሳው ከትከሻው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ድሉን የፈለገ ይውሰደው። የኔ ዓይን እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ነው።